ሁለቴ የተተኮሰ ቀልድ

የኮሎምቢያ ፒክቸርስ አርማ ለፊልም ተመልካች አዲስ አይደለም፤ ረጅም ልብስ ተጎናጽፋ፣ ችቦ ወደ ላይ አንስታ ከፍ ብላ የቆመች ሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው «ዞምቢላንድ፦ ደብል ታፕ» ሲጀምር ግን ሴትዮዋ ዝም ብላ አትቆምም። ዞምቢዎች እየተንገዳገዱ ወደ እሷ ሲወጡ ችቦዋን አዙራ በዚያው ታጋድማቸውና እንደገና ቦታዋን ይዛ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ትቆማለች። ፊልሙ ገና አንድ ቃል ሳይተነፍስ ጠባዩን ነግሮን አበቃ ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚሰማው የተራኪው የኮለምበስ ድምፅ ነው። ከዚህ ሁሉ ጊዜ በኋላ ተመልሰን ስለመጣን ያመሰግነናል፤ በዞምቢ መዝናኛ በኩል ምርጫችን ብዙ መሆኑን እንደሚያውቅም፣ የአየር መንገድ አስተናጋጅ በሚያወራበት ትሕትና ይነግረናል። ቀልዱ እውነት አለው። የመጀመሪያው «ዞምቢላንድ» በ2009 ሲታይ «ዘ ዎኪንግ ዴድ» የተባለው ተከታታይ ድራማ ገና ቴሌቪዥን ላይ አልወጣም ነበር። ሁለተኛው ሲመጣ ያ ድራማ አሥረኛ ምዕራፉን ጀምሯል። በመካከሉ ብራድ ፒት «ወርልድ ዋር ዚ»ን ሠራ፤ ደቡብ ኮሪያውያን «ትሬይን ቱ ቡሳን»ን አመጡ፤ የጄን ኦስተን የፍቅር ልብ ወለድ እንኳ ሳይቀር ዞምቢ ተጨምሮበት ለሲኒማ በቃ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሆረር ኮሜዲ፣ ማለትም እያስፈራ የሚያስቅ ፊልም፣ ሁለት ድንጋጤዎችን አንድ ላይ ይሸጣል። አስፈሪውም አስቂኙም ተመልካቹ ባልጠበቀው ሰዓት መምጣት አለባቸው። ለዚህ ነው የዚህ ዘውግ «ክፍል ሁለት» ከሌላው ሁሉ የሚከብደው። የድርጊት ፊልም ፍንዳታውን ያበዛል፤ የፍቅር ፊልም አዲስ ጠብ ይፈጥራል። የተነገረ ቀልድ ግን ሲደገም ያረጃል፤ የታየ ጭራቅም ሲደገም ይለመዳል። «ደብል ታፕ» ከዚህ ወጥመድ ለመውጣት የመረጠው መንገድ፣ መደጋገሙን ራሱን ቀልድ ማድረግ ነው። መንገዱ የሠራባቸው ትዕይንቶች አሉ፤ ያልሠራባቸውም አሉ። ተቺዎቹም ሆኑ ተመልካቾቹ የተከፋፈሉት በዚሁ ላይ ይመስለኛል።

ወደ ፊልሙ ከመግባታችን በፊት ስለ ዞምቢው ራሱ ጥቂት እንበል። መነሻው ሄይቲ ነው። ከአፍሪካ በባርነት ተግዘው በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ያለቁ ሰዎች ልጆች ዘንድ፣ ቦኮር የሚባል አስማተኛ ሙትን ከመቃብር አስነስቶ ጉልበቱን ይበዘብዘዋል የሚል እምነት ነበር። በዚያ እምነት ውስጥ የሚፈራው ዞምቢው ሳይሆን ዞምቢ መሆን ነው፤ ሞት እንኳ የማያሳርፍበት ባርነት። ሆሊውድ ነገሩን በ1932 «ኋይት ዞምቢ» በሚል ፊልም ወስዶ፣ አስማተኛውን ለቤላ ሉጎሲ ሰጠ። አሁን የምናውቀውን፣ መንጋ ሆኖ የሚመጣውንና ሥጋ የሚበላውን ፍጡር የፈጠረው ግን ጆርጅ ሮሜሮ ነው። ሮሜሮ በፒትስበርግ ከተማ የማስታወቂያ ፊልሞች ይሠራ የነበረ ወጣት ሲሆን በ1968 ከጓደኞቹ ጋር፣ ወደ 114,000 ዶላር በሚጠጋ ገንዘብ፣ «ናይት ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ»ን በጥቁርና ነጭ ሠርቶ አወጣ። በዚያ ፊልም ውስጥ ዞምቢ የሚል ቃል አንድም ጊዜ አይነሳም።

እዚህ ላይ አንድ የወረቀት ስህተት የዘውጉን ዕጣ ወሰነ። አከፋፋዩ የፊልሙን ርእስ ሲቀይር የቅጂ መብት ማስታወቂያውን መልሶ መጻፍ ረሳ። በወቅቱ የአሜሪካ ሕግ መሠረት ማስታወቂያው የሌለበት ሥራ የሕዝብ ሀብት ነበር። ሮሜሮ በዚህ ብዙ ገንዘብ አጣ፤ ዞምቢው ግን ባለቤት አልባ ሆነና የፈለገ ሁሉ አንስቶ ሊሠራበት ቻለ። የዛሬው የዞምቢ ፊልም መትረፍረፍ በከፊል የዚያ የተረሳ መስመር ውጤት ነው።

የሮሜሮ የጽሑፍ ተባባሪ የነበረው ጆን ሩሶ «ሊቪንግ ዴድ» በሚለው መጠሪያ የመጠቀም መብት ይዞ ተለየ። ከዚያ መብት በ1985 «ዘ ሪተርን ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ተወለደ። ዳይሬክተሩ የ«ኤሊየን» ደራሲ ዳን ኦባነን ነበር። ዞምቢ አንጎል ይበላል የሚለው፣ ዛሬ ልጆች እንኳ የሚያውቁት ወግ የመጣው ከዚህ ፊልም ነው፤ ሮሜሮ እንዲህ ያለ ነገር አልተናገረም። ፊልሙ በሳቅና በድንጋጤ መካከል ሚዛኑን ጠብቆ የሄደ፣ እስከ ዛሬ የሚወደድ ሥራ ነው።

ሦስት ዓመት ቆይቶ ክፍል ሁለቱ መጣ። ኬን ዊደርሆርን የተባለ ሌላ ዳይሬክተር ያዘው። በመጀመሪያው ፊልም የሞቱትን ሁለት ተዋንያን፣ ጄምስ ካረንንና ቶም ማቲውስን፣ በሌላ ስም መልሶ አመጣቸው፤ እንደገና መርዙን ይተነፍሳሉ፣ እንደገና ቀስ በቀስ ይሞታሉ። አንደኛው ገጸ ባሕርይ ይህ ነገር ከዚህ በፊት የደረሰብን ይመስለኛል እስከ ማለት ይደርሳል። ቀልዱ በወረቀት ላይ ያስቃል። ነገር ግን ተቺዎች ፊልሙን አልማሩትም፤ የመጀመሪያውን መራራነት አውጥቶ ለልጆች የሚሆን ፈዛዛ ቅጂ ሠራ አሉት። ከ«ደብል ታፕ» 31 ዓመት በፊት፣ መደጋገምን አምኖ በመሳቅ ለማምለጥ የሞከረ ፊልም ነበር ማለት ነው፤ አላመለጠም።

የተሳካላቸውም አሉ። ሳም ሬይሚ በ1987 «ኢቭል ዴድ 2»ን ሲሠራ የመጀመሪያውን ፊልም ታሪክ በመግቢያው አሳጥሮ እንደገና ቀረጸውና ከዚያ በኋላ ልጓሙን ለቀቀው፤ ጀግናው ከተቆረጠ እጁ ጋር የሚደባደብበት ፊልም ነው፤ ብዙዎች ከመጀመሪያው ያስበልጡታል። ኖርዌጂያዊው ቶሚ ቪርኮላም በ2009 የናዚ ወታደሮችን ከበረዶ ውስጥ አስነስቶ «ዴድ ስኖው»ን ሠራ። በ2014 በወጣው ሁለተኛው ፊልም ደግሞ ሐኪሞች ከጥቃቱ የተረፈውን ወጣት በስህተት የናዚውን አዛዥ እጅ ይቀጥሉለታል፤ እጁም በራሱ ፈቃድ ሰው መግደል ይጀምራል። ሁለቱም የመጀመሪያውን ቀልድ ይዘው ማንም ወዳላሰበው ቦታ ሮጡ። «ሾን ኦቭ ዘ ዴድ»ን በ2004 የሠሩት እንግሊዛውያን፣ ኤድጋር ራይትና ሳይመን ፔግ፣ ክፍል ሁለት አልሠሩም። ያም አንድ ብልሃት ነው።

ወደ «ዞምቢላንድ» እንመለስ። ሬት ሪስና ፖል ወርኒክ ሐሳቡን በ2005 ሲጀምሩት ለቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ብለው ነበር። ድራማው ሳይሳካ ሲቀር ወደ ፊልም ቀየሩት፤ ዳይሬክተሩ ሩበን ፍላይሸር ከዚያ በፊት ረጅም ፊልም ሠርቶ አያውቅም ነበር። ታሪኩ ቀላል ነው። ዓለም በዞምቢ አልቃ አራት ሰዎች ይገናኛሉ። እንዳይላመዱ ሲሉ ስማቸውን አይነጋገሩም፤ በከተማ ስም ይጠራራሉ። ታላሃሲ (ዉዲ ሃረልሰን) ሽጉጥና ትዊንኪ የተባለ ኬክ የሚወድ ነገረኛ ነው። ኮለምበስ (ጄሲ አይዘንበርግ) ፈሪ ተማሪ ነው፤ በሕይወት የቆየው ሕጎች አውጥቶ ስለሚጠብቅ ነው። ሕግ አንድ፦ ብርታት ይኑርህ፣ መሮጥ ቻል። ሕግ ሁለት፦ ዞምቢውን ሁለቴ ተኩስ፣ መሞቱን አረጋግጥ። የክፍል ሁለቱ ርእስ የመጣው ከዚህ ሕግ ነው። ዊቺታና ሊትል ሮክ (ኤማ ስቶንና አቢጌል ብሬስሊን) ደግሞ ከዞምቢውም ከሰውም በማታለል የሚያመልጡ እህትማማች ናቸው።

የዚያ ፊልም ትልቁ ድንገተኛ ነገር ቢል መሪ ነው። በሆሊውድ ቪላው ውስጥ ራሱን ዞምቢ አስመስሎ ይኖራል፤ ኮለምበስን ለማስደንገጥ ሲሞክር ኮለምበስ በጥይት ይመታዋል። እያጣጣረ ሳለ የሚቆጭህ ነገር አለ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ምናልባት «ጋርፊልድ» ብሎ ይሞታል። መሪ በእውነተኛው ዓለም ለዚያች ድመት ፊልም ድምፁን የሰጠ ሰው ነው። ቦታው መጀመሪያ የታሰበው ለፓትሪክ ስዌይዚ ነበር፤ ስዌይዚ ግን በካንሰር ታምሞ ስለነበር አልሆነም። ፊልሙ 23.6 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ 102 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ። ተቺዎችም ወደዱት።

ከዚያ በኋላ የሆነው የአሥር ዓመት ዝምታ ነው፤ በዝምታው መካከል አንድ መጥፎ ሙከራ ነበር። አማዞን በ2013 በሌሎች ተዋንያን የ«ዞምቢላንድ» ተከታታይ ድራማ የሙከራ ክፍል ሠርቶ ለሕዝብ አሳየ፤ ሕዝቡም እንዳይቀጥል አደረገው። አድናቂዎቹ የወደዱት ዞምቢውን ሳይሆን አራቱን ሰዎች እንደነበር ያኔ ታወቀ። አራቱን መሰብሰብ ደግሞ ከዓመት ወደ ዓመት እየከበደ ሄደ። አይዘንበርግ «ዘ ሶሻል ኔትወርክ» ላይ ተጫውቶ ለኦስካር ታጨ። ኤማ ስቶን በ«ላ ላ ላንድ» ኦስካሩን ወሰደች። ሪስና ወርኒክ «ዴድፑል»ን ጻፉ፤ ፍላይሸር «ቬነም»ን ሠራ። በ2009 ርካሽ የነበረው ቡድን በ2019 የከዋክብት ስብስብ ሆኖ ተገኘ፤ የፊልሙ ማስታወቂያም የኦስካር ዕጩነታቸውን አንድ በአንድ እየጠራ ተሳለቀበት። ሃረልሰን እንኳ ከመጀመሪያው ፊልም ወዲህ ሁለት ጊዜ ታጭቷል። ይህን ሁሉ የሚያህል የተዋናይ ኃይል ጭንቅላት ለሚፈረካከስበት ፊልም የተሰበሰበበት ጊዜ ብዙ አይደለም።

ክፍል ሁለት የሚጀምረው አራቱ ዋይት ሐውስ ገብተው ሲቀመጡ ነው። ታላሃሲ የገና ዕለት ለሊትል ሮክ ኤልቪስ ፕሪስሊ ለፕሬዚዳንት ኒክሰን የሰጠውን ሽጉጥ በስጦታ ይሰጣታል። ኮለምበስ ዊቺታን በሆፕ ዳይመንድ፣ በዚያ ዝነኛ ሰማያዊ አልማዝ፣ አግቢኝ ይላታል። ሁለቱም ሴቶች በማግሥቱ ጥለው ይጠፋሉ። የቀረው ፍለጋ ነው፤ ሊትል ሮክ በርክሊ የሚባል ጊታር ተጫዋች ተከትላ ሄዳለች፤ ሁለቱ ወንዶች ተመልሳ የመጣችውን ዊቺታን ይዘው ይከተሏታል። በርክሊ የቦብ ዲላንን ዘፈን የራሴ ድርሰት ነው እያለ ይዘፍንላታል፤ ልጅቷ ዓለም ስታልቅ ትንሽ ስለነበረች አታውቅበትም። እኔ በፊልሙ ውስጥ ካሉት አሳቦች ሁሉ ይህን እወደዋለሁ። ሥልጣኔ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠፋው የማስታወስ ችሎታ ነው፤ አጭበርባሪውም ቀድሞ የሚደርሰው እዚያ ነው።

ከጉዞው በፊት ማዲሰን ትገኛለች። በገበያ ማእከል ማቀዝቀዣ ውስጥ እየኖረች የተረፈች፣ ሮዝ ለባሽ፣ ባለ ወርቃማ ፀጉር ልጅ ናት። አንጎል የሚፈልጉት ዞምቢዎች አንጎል ስለሌላት ተዋት የሚለው ቀልድ ከሩቅ እየታየ ይመጣል። ገጸ ባሕርይዋ በወረቀት ላይ ያረጀ ነው፤ ቂል ቆንጆ ሴት በአሜሪካ ኮሜዲ ከዞምቢ በፊት የነበረች ናት። ተዋናይቷ ዞዪ ዶይች ግን ማዲሰንን እንደ ሞኝ አልተጫወተቻትም፤ ደስተኛ አድርጋ ነው የተጫወተቻት። ዓለም አልቆ ሁሉም ተንገሽግሾ ሳለ እሷ ብቻ ደግ፣ እሷ ብቻ የማትጠራጠር ናት። ፊልሙን የነቀፉት ተቺዎች ሳይቀሩ ከመግባቷ በኋላ ፊልሙ የእሷ እንደሆነ ተስማሙ። አራት የኦስካር ሰዎች ባሉበት ፊልም ውስጥ አዲስ የመጣችው ልጅ ትዕይንቱን ይዛ ሄደች።

የማዲሰን አንዱ ንግግር ለአዲስ አበባ ሰው የተለየ ጣዕም አለው። አንድ የንግድ ሐሳብ አለኝ ትላለች፤ ሰው በገዛ መኪናው የማያውቀውን ሰው ከቦታ ወደ ቦታ እያደረሰ ገንዘብ የሚቀበልበት። ሌሎቹ የማያውቁት ሰው መኪና ውስጥ ማን ይገባል ብለው ያጣጥሉባታል። በእነሱ ዓለም ጊዜ በ2009 ቆሟል፤ ኡበር የለም፣ እኛ ራይድ የምንለውም የለም። ያ ቀልድ ከፊልሙ ሁሉ ብልሁ ነው፤ ደራሲዎቹ ግን ብዙም አልገፉበትም። አሥር ዓመት የቆየ ክፍል ሁለት ሊያገኘው የሚችለው ትልቁ ሀብት ይህ ነበር፤ ስማርት ስልኩ ሁሉን ሳይወርስ የቆመ ዓለም። በአንድ ቀልድ አልፈውት ወደ ተኩስ ተመለሱ።

(የዚህ ዓይነቱን ሐሳብ እስከ ጥግ ያደረሰ ፊልም ኢትዮጵያ ውስጥ ተቀርጿል። የስፔኑ ሚጌል ያንሶ በ2015 ያወጣው «ክራምብስ» ዳንኤል ታደሰን በመሪነት ይዞ፣ በአማርኛ፣ ዓለም ካለቀ በኋላ የፕላስቲክ መጫወቻና የማይክል ጃክሰን ሸክላ እንደ ንዋየ ቅድሳት የሚከበሩበትን ዘመን ያሳያል። ዞምቢ የለበትም። ከ«ደብል ታፕ» ቀጥሎ የሚታይ ፊልም የሚፈልግ ሰው ግን እሱን ቢያይ አይቆጭም።)

አሁን ወደ ዋናው ትዕይንት። ታላሃሲ የኤልቪስን ቤት ለማየት ሲመኝ ኖሮ ይደርሳል፤ ቤቱ ፈርሷል። አጠገቡ ባለ የኤልቪስ ጌጥ የሞላበት ሞቴል ውስጥ ኔቫዳ (ሮዛሪዮ ዶውሰን) ትኖራለች። ጥቂት ቆይቶ አንድ ግዙፍ መኪና መጥቶ የታላሃሲን መኪና ጨፍልቆ ይቆማል። ሁለት ሰዎች ይወርዳሉ፦ አልበከርኪና ፍላግስታፍ፣ ሉክ ዊልሰንና ቶማስ ሚድልዲች። አንዱ ባርኔጣውም ጉራውም የታላሃሲ ነው። ሌላው ፀጉሩም ፍርሃቱም የኮለምበስ ነው፤ ሕጎች የሉትም፣ ትእዛዛት ግን አሉት። ኮለምበስና ፍላግስታፍ ሕግና ትእዛዝ እያወዳደሩ የሚዋደዱበት፣ ሁለቱ ጎረምሳ ሽማግሌዎች ደግሞ እየተናናቁ የሚፋጠጡበት ክፍል ስለ ክፍል ሁለት ፊልሞች የተሠራ ቀልድ ነው። ፊልሙ በመስታወት ፊት ቆሞ ቅጂ መሆኑን ይመለከታል።

ቅጂዎቹ ተነክሰው ወደ ዞምቢነት ሲለወጡ ሞቴሉ ውስጥ ድብድብ ይነሳል። ካሜራው ሳይቆረጥ በአንድ ትንፋሽ እንደተቀረጸ ሆኖ ከክፍል ወደ ክፍል፣ ከፎቅ ወደ ምድር እየተንከባለለ ይከተላቸዋል። ከካሜራው ጀርባ የነበረው ደቡብ ኮሪያዊው ቹንግ ቹንግ-ሁን መሆኑን ሳውቅ አልገረመኝም። በ2003 በወጣው «ኦልድቦይ» ውስጥ፣ አንድ ሰው መዶሻ ይዞ በጠባብ ኮሪደር ውስጥ ብዙዎችን የሚዋጋበትን፣ ያለ ቁርጥ የተቀረጸ ዝነኛ ትዕይንት ያነሳው እሱ ነው። የፊልሙ መደጋገምን የመሳለቅ ሐሳብና የእጅ ሥራው ብቃት የተገናኙት በእነዚህ ደቂቃዎች ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ግማሽ ሰዓት ስናይ የምንመኘው ይህን ትዕይንት ነው።

ምክንያቱም መጨረሻው ደካማ ነው። ሊትል ሮክና በርክሊ የደረሱበት ባቢሎን የሚባል ሰፈር ሽጉጥ ሁሉ ቀልጦ የአንገት ጌጥ የሚሠራበት፣ ሰላም ወዳድ ወጣቶች ርችት የሚተኩሱበት ረጅም ሕንፃ ነው። ርችቱ ዞምቢዎችን ይጠራል። የሚመጡትም አዲስ ዓይነት ናቸው፤ በ«ተርሚኔተር» ሮቦት ስም ቲ-800 የተባሉ፣ በሁለት ጥይት የማይወድቁ። ያለ መሣሪያ የቀረው ሕዝብ መንጋውን ወደ ሕንፃው ጣራ አታልሎ ወደ ገደል ይነዳዋል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ግን በሂፒዎች ላይ ማላገጥ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተበላ ቀልድ ነው፤ ባቢሎን ውስጥ ያለ አንድም ሰው ስም ወይም ጠባይ ተሰጥቶት አናውቀውም። ስለማናውቃቸው አንሰጋላቸውም፤ ስለማንሰጋ ደግሞ አንደነግጥም። የዞምቢ ፊልም ይህን ካጣ የቀረው ሩጫ ብቻ ነው።

እንግዲህ አቀባበሉ። ፊልሙ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የገባው በጥቅምት 18 ቀን 2019 ነው። በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ 26.8 ሚሊዮን ዶላር አስገብቶ ከ«ማሌፊሰንት» ክፍል ሁለትና ከ«ጆከር» ቀጥሎ ሦስተኛ ሆነ። የመጀመሪያው «ዞምቢላንድ» በተመሳሳይ ሦስት ቀን 24.7 ሚሊዮን አስገብቶ አንደኛ ነበር። በጠቅላላ ገቢ ክፍል ሁለቱ በዓለም ዙሪያ ወደ 123 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው አሸነፈ ይላል። ዘርዘር ሲደረግ ግን ሌላ ነው። በአሜሪካና በካናዳ የመጀመሪያው 75.6 ሚሊዮን አስገብቶ ነበር፤ ሁለተኛው፣ ትኬት በአሥር ዓመት ተወድዶ እንኳ፣ 73 ሚሊዮን ላይ ቆመ። ልዩነቱን የሸፈነው የውጭው ገበያ ነው፤ እዚያ ገቢው ወደ እጥፍ ተጠጋ። ወጪው ደግሞ ከ40 ሚሊዮን በላይ ስለነበር፣ የመጀመሪያው ካወጣው ከአራት እጥፍ በላይ ሲመልስ፣ ሁለተኛው ሦስት እጥፍም አልሞላም። አልከሰረም፤ ግን ሌላ ክፍል በአስቸኳይ ይሠራ የሚያሰኝ ድልም አልነበረም።

የተቺዎቹ ውጤት ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ይነበባል። ሮተን ቶሜቶስ በተባለው የሂስ ማሰባሰቢያ ከመቶ ተቺዎች ሰባ የሚሆኑት ፊልሙን በበጎ አዩት፤ የመጀመሪያውን ዘጠና የሚጠጉት ወደውት ነበር። ይህ ግን ነጥብ አይደለም፤ ፊልሙ ከመቶ ሰባ አገኘ ማለት ስህተት ነው። ሰባ ሰው «ይታያል» አለ፣ ሠላሳው «አይታይም» አለ ማለት ብቻ ነው። ሰባዎቹ ሁሉ እያዛጉ «ደህና ነው» ብለው ሊሆን ይችላል። ሜታክሪቲክ ተቺዎቹ የሰጡትን ነጥብ አማካይ ስለሚወስድ ይህን ያጋልጣል፤ እዚያ ፊልሙ 55 ላይ ነው፣ የመጀመሪያው 73 ነበር። ሁለቱን አብሮ ያነበበ ሰው የሚያገኘው ሥዕል ግልጽ ነው፤ አብዛኛው ተቺ ተዝናንቷል፣ ጥቂቱ ብቻ ተደንቋል። በመክፈቻው ምሽት ከሲኒማ ቤት የሚወጡ ተመልካቾችን የሚጠይቀው ሲኒማስኮር ደግሞ ቢ-ፕላስ ሰጠው። ለሌላ ዘውግ መካከለኛ የሚሆን ውጤት ነው፤ ሆረር ግን ከተመልካች ሲ ብቻ ይዞ መውጣት የለመደ ስለሆነ እንደ መልካም ውጤት ይቆጠራል።

የተቺዎቹ ክርክር ባጭሩ ያደረ ወጥ ጉዳይ ነበር። ግማሾቹ ትናንት የበላነውን አሙቆ ማቅረብ ምን ይባላል አሉ፤ ግማሾቹ ያደረ ወጥ ይጣፍጣል አሉ። አንደኛው ወገን ያነሳው ጥያቄ ቀላል አይደለም። በ2009 ሕጎቹ በስክሪኑ ላይ በፊደል ተጽፈው ሲንሳፈፉ፣ በሜታሊካ ሙዚቃ የታጀበ ዝግ ያለ ጭፍጨፋ ሲታይ አዲስ ነበር። በ2019ም ያው ፊደል፣ ያው ሜታሊካ፣ ያው ዝግታ ተመለሰ፤ «የሳምንቱ ምርጥ የዞምቢ ግድያ» የተባለው ቀልድም «የዓመቱ» ሆኖ መጣ፤ የፒሳ ዘንባላ ግንብ በዞምቢዎች ላይ እስኪወድቅ ድረስ አደገ። ሲያድግ ግን አስቂኝነቱ አብሮ አላደገም። ሁለተኛው ወገን የመለሰው ደግሞ፣ አራቱ ሰዎች አንድ መኪና ውስጥ ሲነታረኩ ማየት በራሱ በቂ ደስታ ነው የሚል ነው። በአማዞን የሙከራ ድራማ የተከሰተውን ያስታወሰ ሰው ይህን መልስ አይንቀውም።

እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ፤ ግን በቅሬታ። ፊልሙ የራሱን ቅጂነት ሲስቅበት ብልህ ነው፤ ሳያስብ ሲቀዳ ደግሞ ሰነፍ ነው፤ ሁለት ሰዎች እየተፈራረቁ የጻፉት ይመስላል። ሞቴሉን፣ ማዲሰንን፣ የዲላንን ዘፈን የሚሰርቀውን ልጅ የጻፈ እጅ ባቢሎንንም ቢጽፍ ኖሮ ስለ ሌላ ፊልም በተነጋገርን ነበር። «ዘ ሪተርን ኦቭ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ክፍል ሁለት ግን ከዚህ ጋር አይወዳደርም፤ «ደብል ታፕ» ቢያንስ ሦስት ጊዜ ከልብ ያስቃል፣ ያኛው አንድ ጊዜም አያስቅም።

ለማየት የሚያስብ አንባቢ ሦስት ነገር ይያዝ። አንደኛ፣ የመጀመሪያውን ሳያዩ ሁለተኛውን አይጀምሩ፤ ከቀልዶቹ ግማሹ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ ደም በብዛት ይፈስሳል፣ ስድቡም አይቆጠርም፤ ልጆች ያሉበት ቤት ውስጥ የሚታይ አይደለም። ሦስተኛ፣ ጽሑፉ መውረድ ሲጀምር አይነሱ፤ በዞምቢ ወረርሽኙ የመጀመሪያ ቀን ቢል መሪ «ጋርፊልድ 3» ለተባለ፣ ከቶ ለሌለ ፊልም ለጋዜጠኞች መግለጫ ሲሰጥ የሚታይበት ክፍል አለ፤ ከፊልሙ ሁሉ ያሳቀኝ እሱ ነው። የመጀመሪያው 88 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 99 ደቂቃ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ምሽት ለማየት 3 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ይበቃል።